ምዕራፍ ሰባት፦ ግድግዳ ሲበሳ ሸክሙ ወዴት ይሄዳል?

ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው አስፋልት ላይ የምትገኘው የራያዋ ሮቢት ቆላ ናት። ሙቀቱ ስለሚጠና ሰው ቶሎ ቶሎ ገላውን ይለቃለቃል። በብሎኬት የሚሠሩት አዳዲስ ቤቶች የመታጠቢያ ክፍላቸውን ግድግዳ ሴራሚክ ያለብሱታል። ሴራሚኩ ውሃው ወደ ግድግዳው እንዳይሰርግ ይከላከላል፤ እርጥበቱን ከክፍሉ ማስወጣት ግን አይችልም። ወራት ሲያልፉ ከሴራሚኩ በላይ ያለው ቀለም ይላላጣል፤ ኮርኒሱ ጥግ ላይ ጥቁር ሻጋታ ይወጣል፤ የተሰቀለ ፎጣ አልደርቅ ይላል። በምዕራፍ አራት ስለ ልስንና ስለ እርጥበት ስንነጋገር መድኃኒቱን ጠቁመን ነበር፤ እንዲህ ያለው ክፍል አየር ማስወጫ ያስፈልገዋል።

ሠርቶ ያለቀን ግድግዳ መብሳት ግን ያስፈራል። ባለቤቱ ሁለት ነገር ይሰጋል፦ አንደኛ ግድግዳው እንዳይደክም፣ ሁለተኛ ያን ያህል ገንዘብ የወጣበት ሴራሚክ እንዳይሰነጠቅ። ሁለቱ ስጋቶች የተለያዩ ይምሰሉ እንጂ መልሳቸው ከአንድ ሐሳብ ይመነጫል። ይህ ምዕራፍ የሚያብራራው ያንኑ ሐሳብ ነው፤ ትንሽ ቀዳዳ ግድግዳን የሚጎዳው በስፋቱ ሳይሆን በቅርጹና በአቆራረጡ ነው።

ሸክም እንደ ጎርፍ ይወርዳል

በምዕራፍ ሁለት የጣሪያውም ሆነ የግድግዳው ክብደት በግድግዳው ውስጥ አልፎ መሠረቱ ላይ እንደሚያርፍ አይተናል። አወራረዱን በዓይነ ሕሊና ለማየት የራያን ጎርፍ እናስብ። ክረምት ሲገባ ከምዕራብ ተራሮች በሆርማትና በጎሊና ወንዞች የሚወርደውን ጎርፍ ገበሬው በአፈርና በቅርንጫፍ ጠልፎ ወደ ማሽላ ማሳው ይመራዋል። ቦዩ ቀጥ ያለና ንጹሕ ከሆነ ውሃው በእኩል ይወርዳል፤ አንዱን ዳር ከሌላው አብልጦ አይሸረሽርም።

አሁን ከቦዩ መካከል አንድ ትልቅ ድንጋይ ይቀመጥ። ድንጋዩ መጣ ብሎ ውሃው አይቀንስም። በዚያ ቦታ ያልፍ የነበረው ሁሉ ለሁለት ተከፍሎ በግራና በቀኝ መሄድ አለበት። በሁለቱ ጎን መንገዱ ስለሚጠብ ውሃው ይጣደፋል፤ አፈሩን የሚበላውም እዚያ ነው። ከድንጋዩ ፊትና ኋላ ግን ውሃው ዝግ ይላል። ወረድ ብሎ እንደገና ይገናኝና ምንም እንዳልተፈጠረ ጉዞውን ይቀጥላል።

ግድግዳ ላይ የተቆረጠ ቀዳዳ ለሸክም ልክ እንደዚያ ድንጋይ ነው። ሸክም በባዶ አየር ውስጥ ማለፍ አይችልም፤ ስለዚህ ቀዳዳውን በግራና በቀኝ ይዞረዋል። በዚያ ጠባብ ቦታ ላይ የሚበዛውን መጨናነቅ ባለሙያዎች «ጫና» ይሉታል። ጫና ማለት እያንዳንዱ ካሬ ሴንቲሜትር የሚደርሰው የሸክም ድርሻ ነው። አጠቃላይ ሸክሙ ሳይጨምር ጫናው አንድ ቦታ ላይ ሊበዛ መቻሉ የዚህ ምዕራፍ ቁልፍ ነው።

በአንድ ነገር ግን ግድግዳ ከጎርፍ ይለያል። ከድንጋዩ ፊትና ኋላ ውሃው ዝግ ከማለት ያለፈ ነገር አይደርስበትም። ከቀዳዳው አናትና ግርጌ ያለው የግድግዳ ክፍል ግን ሸክሙ ወደ ሁለት ጎን ሲከፈል አብሮ ወደ ጎን ይሳባል። ሲሚንቶና ጡብ ሲጨመቁ ጠንካሮች ናቸው፤ ሲሳቡ ግን ደካሞች ናቸው። ኮንክሪት መሳብን የሚችለው መጨመቅን ከሚችልበት አቅም አንድ አሥረኛ በሚሆን ብቻ ነው። ኮንክሪት ውስጥ ፌሮ የሚገባውም ለዚህ እንደሆነ በምዕራፍ ሦስት ተናግረናል።

ሦስት እጥፍ፣ ግን ለአጭር ርቀት

ጫናው ምን ያህል እንደሚበዛ በስሌት ያሳየው ጀርመናዊው መሐንዲስ ኤርነስት ጉስታቭ ኪርሽ ነው፤ ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1898 ነበር። በሰፊ ገጽ ላይ ክብ ቀዳዳ ሲወጣ በግራና በቀኝ ጠርዙ ላይ ያለው ጫና ሦስት እጥፍ ይሆናል። በአናቱና በግርጌው ደግሞ ቀድሞ ከነበረው ጫና ጋር የሚተካከል መሳብ ይፈጠራል። የሚያስገርመው፣ ቀዳዳው ከግድግዳው አንጻር አነስተኛ እስከሆነ ድረስ የአውራ ጣት ያህልም ይሁን የቱቦ ያህል ቁጥሩ አይለወጥም። ሦስት እጥፍ ነው።

ሦስት እጥፍ ሲባል ያስደነግጥ ይሆናል። እስቲ በቁጥር እንየው። 20 ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው፣ የተለሰነና ሴራሚክ የለበሰ የብሎኬት ግድግዳ በካሬ ሜትር 300 ኪሎ ይመዝናል እንበል። ቀዳዳው ከግድግዳው አናት አንድ ሜትር ዝቅ ቢል ከላዩ በእያንዳንዱ ሜትር ርዝመት 300 ኪሎ ተጭኗል ማለት ነው። ይህ በ2,000 ካሬ ሴንቲሜትር ላይ ሲከፋፈል ለአንዱ ካሬ ሴንቲሜትር የሚደርሰው 150 ግራም ነው። ሦስት እጥፉ 450 ግራም ይሆናል። የቆርቆሮ ጣሪያ ክብደት ቢታከልበትም ብዙ አይርቅም። ደካማ ከሚባለው ደረጃ የሆነ ብሎኬት እንኳ በካሬ ሴንቲሜትር ወደ 20 ኪሎ ይችላል። ስለዚህ ለመጀመሪያው ስጋት መልስ አገኘን፤ ጥሩ ግድግዳ በአንዲት የአየር ማስወጫ ቀዳዳ አይፈርስም።

ሁለተኛው ደስ የሚል ነገር፣ መጨናነቁ ሩቅ አይሄድም። ጎርፉ ድንጋዩን አልፎ ወዲያው እንደሚረጋጋ ሁሉ፣ ከቀዳዳው ጠርዝ የራሱን ስፋት ያህል ስንርቅ የጫናው ጭማሪ ከአሥር በመቶ በታች ይወርዳል። ከዚህ አንድ ጠቃሚ ልማድ እናገኛለን። ቀዳዳው ከበር፣ ከመስኮት፣ ከግድግዳ ጥግና ከሌላ ቀዳዳ ቢያንስ የራሱን ስፋት ያህል ይራቅ፤ ቢቻል እጥፉን። ሁለት ድንጋዮች ተጠጋግተው ሲቀመጡ በመካከላቸው ያለው ውሃ እንደሚበረታ፣ ሁለት ክፍተቶች ሲጠጋጉም በመካከላቸው የቀረው ግድግዳ የሁለቱን ጫና ይሸከማል።

ጥግ ያለው ቀዳዳ ለምን ይከፋል?

እ.ኤ.አ. በ1913 እንግሊዛዊው መሐንዲስ ቻርልስ ኢንግሊስ የኪርሽን ስሌት ወደ ሞላላ ቀዳዳዎች አሰፋው። ስሌቱ የሚለው ይህን ነው፦ ቀዳዳው የሸክሙን አቅጣጫ አቋርጦ በተዘረጋና ጫፉ በሾለ መጠን፣ ጫፉ ላይ ያለው ጫና ይጨምራል። ጎኑ ከቁመቱ አራት እጥፍ የሆነ የተጋደመ ሞላላ ቀዳዳ ጫፉ ላይ ዘጠኝ እጥፍ ጫና ይፈጥራል። ያንኑ ሞላላ ብናቆመው ግን ጫናው አንድ ተኩል እጥፍ ብቻ ይሆናል። ቀዳዳው ያው ነው፤ የተወገደውም ግድግዳ ያው ነው። የተለወጠው ከወራጁ ሸክም ፊት የቆመበት መንገድ ነው።

አራት ማዕዘን ቀዳዳም አራት ሹል ጫፎች አሉት። ከመስኮትና ከበር ጥግ ተነስቶ ሰያፍ ወደ ላይ የሚሄደውን የልስን ስንጥቅ ያላየ ሰው የለም። ስንጥቁ ከጎን መሐል ሳይሆን አብዛኛውን ጊዜ ከጥግ የሚነሳው ጫናው እዚያ ስለሚከማች ነው። የአየር ማስወጫ ፍርግርጉ አራት ማዕዘን በመሆኑ ምክንያት አራት ማዕዘን መቁረጥ ግድ ከሆነ፣ ልምድ ያለው ሠራተኛ አስቀድሞ በአራቱም ጥግ ትንንሽ ክብ ቀዳዳ ያወጣል። ከዚያ ግራይንደሩን ከአንዱ ክብ ወደ ሌላው ይነዳል፤ አሳልፎም አይቆርጥም። ጥጉ ሲከብ የሾለው ጫፍ ይጠፋል።

ከሮቢት በስተምዕራብ፣ ከተራሮቹ ማዶ በላስታ ላሊበላ፣ በቤተ መድኃኔዓለም ውስጥ ከዓምድ ወደ ዓምድ የተዘረጉት ቅስቶች ከአንድ አለት የተፈለፈሉ ናቸው። ቅስት ሸክምን ወደ ሁለት ጎን እያጎበጠ ያወርዳል፤ ድንጋዩም ከመሳብ ይልቅ ይጨመቃል። ክብ ቀዳዳም አናቱ ላይ ትንሽ ቅስት አለው።

ሴራሚክ ለምን በድንገት ይሰነጠቃል?

አሁን ወደ ሁለተኛው ስጋት እንሂድ። ብረት ከመጠን በላይ ሲሳብ መጀመሪያ ይለጠጣል፤ ሴራሚክ ግን መለጠጥ አያውቅም። አቅሙ ባለቀበት ቅጽበት ጫ ብሎ ይሰነጠቃል። ምክንያቱን የገለጠው አለን አርኖልድ ግሪፊዝ የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1921 በታተመ ጥናቱ መስታወትን መርምሮ፣ እንዲህ ያሉ ቁሶች ውስጥ ሁልጊዜ ለዓይን የማይታዩ ስንጥቆች እንዳሉ አስረዳ። እያንዳንዱ ስንጥቅ እጅግ የቀጠነ ሞላላ ቀዳዳ ነው። ኢንግሊስ እንዳለው ጫፉ በሾለ መጠን ጫናው ይበረታል፤ ስንጥቁ አንዴ መሄድ ከጀመረ ደግሞ በረዘመ ቁጥር ለመራዘም ይቀለዋል።

ስለዚህ ሴራሚክን የሚሰነጥቀው የቤቱ ክብደት ሳይሆን የእኛው መዶሻ ነው። የቤቱ ሸክም በካሬ ሴንቲሜትር በግራም ሲቆጠር፣ በመሮ ጫፍ ላይ የሚያርፍ ምት ግን ኃይሉን ሁሉ በአንዲት ነጥብ ላይ ያወርዳል። ነጥቧ ያለችበት ቦታ አዲስ ስንጥቅ ይወለዳል፤ ስንጥቁም እስከ ሴራሚኩ ዳር ይጋልባል። ከኋላው በደንብ ሲሚንቶ ያልያዘው ሴራሚክ የበለጠ ይጎዳል። ምቱ ሲያርፍበት ይጎብጣል፤ ሲጎብጥ ደግሞ አንዱ ፊቱ ይሳባል። ከመቁረጥ በፊት በጣት አንጓ እያንኳኩ ማዳመጥ ጥሩ ነው። ባዶ ድምፅ የሚሰጠውን ቦታ ትቶ ድፍን ድምፅ የሚሰጠውን መምረጥ ነው።

መፍትሔው በመምታት ፈንታ መፋቅ ነው። ዳይመንድ የተለበጠ ክብ መሰርሰሪያ ሴራሚኩን አይፈልጠውም፤ እልፍ ደቃቅ የአልማዝ ቅንጣቶች እየፋቁ ዱቄት ያደርጉታል። እያንዳንዷ ቅንጣት የምታነሳው እጅግ ጥቂት ስለሆነ ስንጥቅ ተወልዶ ሩቅ የሚሄድበት ኃይል አያገኝም። አልማዝ ለእንዲህ ያለ ሥራ በሰፊው የተዳረሰው በፋብሪካ መመረት በመቻሉ ነው፤ የአሜሪካው ጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ በላቦራቶሪ የሠራው እ.ኤ.አ. በ1954 ነበር።

ቦታ መምረጥ

አየር ማስወጫ ከኮርኒሱ ዝቅ ብሎ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ይሁን የሚባለው በሞቀ ውሃ ለሚታጠብ ሰው እውነት ነው። ሞቃትና እንፋሎት የያዘ አየር ቀላል ስለሆነ ወደ ላይ ይወጣል። በራያ ቆላ ግን ብዙ ሰው ቀን የሚታጠበው በቀዝቃዛ ውሃ ነው። ውሃ ከወለሉና ከግድግዳው ሲተን የክፍሉን አየር ያቀዘቅዘዋል፤ የቀዘቀዘ አየር ደግሞ ከብዶ ወደ ታች ይቀመጣል። ስለዚህ የላይኛው ቀዳዳ ብቻውን በቂ አይደለም። ከበሩ ሥር ሁለት ሦስት ጣት ክፍተት ይተው፤ ያኔ አየሩ ሞቆ ቢወጣም ቀዝቅዞ ቢወርድም መንገድ ያገኛል።

ከፍታው ሲመረጥ ኮንክሪት ቢም ካለበት ዝቅ ማለት ያስፈልጋል። ቢምና ኮለን አይነኩም፤ ውስጣቸው ያለው ፌሮ መሳብን እንዲሸከም የገባ ነውና። የኤሌክትሪክ ሽቦና የውሃ ቧንቧ አብዛኛውን ጊዜ ከማብሪያ ማጥፊያው፣ ከሶኬቱና ከቧንቧ አፉ ቀጥታ ወደ ላይ፣ ወደ ታች ወይም ወደ ጎን ስለሚሄዱ ከነዚህ ትይዩ መራቅ ነው። ቦታው ከሴራሚኩ አንጻርም ይታያል። የ110 ሚሊሜትር ቱቦ ለማስገባት 12 ሴንቲሜትር ያህል ቀዳዳ ያስፈልጋል። ሴራሚኩ 25 ሴንቲሜትር ስፋት ካለው ቀዳዳው መሐሉ ላይ ሲውል በሁለቱም ጎን ከስድስት ሴንቲሜትር በላይ ይተርፋል። ቀዳዳው ወደ አንድ ዳር ከተጠጋ ግን የሚተርፈው ቀጭን ቁራጭ መሰበሩ አይቀርም።

ሥራው ደረጃ በደረጃ

መጀመሪያ የክፍሉ መብራት ከብሬከሩ ይጥፋ። ድሪሉ መብራት ከሌላ ክፍል ይውሰድ፤ 220 ቮልትና ውሃ በአንድ ቦታ መገናኘት የለባቸውምና። ማዕከሉ በእርሳስ ምልክት ይደረግበትና የወረቀት ፕላስተር ይለጠፍበት፤ የሴራሚኩ ገጽ ስለሚያንሸራትት ፕላስተሩ የድሪሉን ጫፍ ይይዛል። በሴራሚክ መብሻ፣ የድሪሉን የመምታት ቁልፍ አጥፍቶ፣ በቀስታ ትንሽ ቀዳዳ ማውጣት። ሴራሚኩ ካለፈ በኋላ በረጅም የኮንክሪት መብሻ ግድግዳውን እስከ ውጭ መዝለቅ። ይህ ቀጭን ቀዳዳ ለውስጡም ለውጪውም ሥራ አንድ ማዕከል ይሰጣል። አቅጣጫው ወደ ውጭ ጥቂት ያዘንብል፤ በ20 ሴንቲሜትር ግድግዳ ላይ አራት ሚሊሜትር ዝቅታ ይበቃል። የሐምሌ ዝናብ ያኔ ወደ ክፍሉ አይገባም።

ቀጥሎ ክቡ መሰርሰሪያ ሴራሚኩን ይቆርጣል። ፍጥነቱ ዝግ፣ ግፊቱ ለስላሳ ይሁን። አንድ ረዳት ከላስቲክ ጠርሙስ ውሃ በቀስታ ያንጠባጥብ፤ ውሃው ሞተሩን አይንካ። ውሃው አልማዙን ከመቃጠል ያድናል፤ አቧራውንም ያስቀራል። የሴራሚክና የሲሚንቶ ደቃቅ አቧራ ሲሊካ የሚባል ማዕድን ስላለበት ዓመታት ሲጠራቀም ሳንባን ይጎዳል። በየቀኑ ይህንን የሚሠራ ሰው ያለ አፍና አፍንጫ መሸፈኛ ሊቆርጥ አይገባም።

ክቡ መሰርሰሪያ ካልተገኘ ሌላ መንገድ አለ። ክቡን በእርሳስ አስምሮ መስመሩን ተከትሎ ትንንሽ ቀዳዳዎችን ተጠጋግተው እንዲሰለፉ መብሳት፤ አሁንም ያለ ምት። መሐሉ የሚነሳው ከማዕከሉ ተጀምሮ ወደ ዳር በትንሽ በትንሹ ነው። የቀረው ጥርስ መሰል ጠርዝ በሞረድ ይስተካከላል። ሥራው ረጅም ነው፤ ውጤቱ ግን ያምራል።

ሴራሚኩ ካለፈ በኋላ ብሎኬቱ ወይም ጡቡ እስከ እኩሌታው ከውስጥ፣ ቀሪው ከውጭ ይቆረጥ። ከአንድ ወገን ብቻ የተገፋ እንደሆነ፣ መሰርሰሪያው ሊወጣ ሲል ከኋላው የሚደግፈው ነገር ስለሌለ የውጪው ልስን ተስቦ በሰፊው ይረግፋል። ብሎኬት ውስጡ ክፍት ስለሆነ ቱቦው ሳይቋረጥ ከውስጥ እስከ ውጭ ይድረስ፤ አለዚያ እርጥቡ አየር ወደ ብሎኬቱ ሆድ ይገባል። ዙሪያው በሲሚንቶ ይደፈንና በሴራሚኩ በኩል ሲሊኮን ይቀባ። በውጭ በኩል ጥሩ ወንፊት ሽቦ ይታሰር። ራያ የወባ አገር ነው፤ ለአየር የተከፈተ በር ለትንኝ መከፈት የለበትም።

የጭቃ ቤት ከሆነ ጉዳዩ ይቀላል። ሸክሙን የሚያወርዱት ቋሚዎቹ እንጂ ጭቃው አይደለም። በሁለት ቋሚዎች መካከል እስከተበሳ፣ ማገሩም ሳይቆረጥ እስከታለፈ ድረስ ቤቱ ምንም አይሆንም።

ሐሳቡ ከቀዳዳው በኋላም ይሠራል

ይህን ያነበበ ሰው ግድግዳ ላይ የሚደረግን ማንኛውንም መቁረጥ በአንድ ጥያቄ ሊመዝን ይችላል፦ ወራጁን ሸክም ምን ያህል ይጋርደዋል? ክቧ የአየር ማስወጫ ብዙዎችን ታስፈራለች። ለኤሌክትሪክ ሽቦ ወይም ለቧንቧ ተብሎ በግድግዳው ወገብ ላይ አግድም የሚቦረቦረው ረጅም ጎድጓዳ መስመር ግን ማንንም አያስፈራም። ኢንግሊስ ያሳየን ግን ተቃራኒውን ነው። የተጋደመው መስመር የሸክሙን መንገድ በሙሉ ርዝመቱ ያጠባል፤ ግድግዳው በቀጠነ መጠን ጉዳቱ ይብሳል። ያው መስመር ቀጥ ብሎ ከላይ ወደ ታች ቢሄድ ከሸክሙ ጋር አብሮ ስለሚወርድ ጉዳቱ ጥቂት ነው።

ስለዚህ ቤት የሚያሠራ ሰው ከኤሌክትሪክ ሠራተኛውና ከቧንቧ ሠራተኛው ጋር ሥራ ሳይጀመር ይነጋገር። ሽቦውና ቧንቧው ወደ ጎን መሄድ ካለበት በኮርኒሱ ላይ ወይም በወለሉ ይሂድ፤ ወደ ሶኬቱና ወደ ቧንቧ አፉ ቀጥ ብሎ ይውረድ ወይም ይውጣ። የአየር ማስወጫውም ግድግዳው ሲገነባ ቱቦው አብሮ ቢቀመጥ ከዚህ ሁሉ ድካም ያድናል። በሚቀጥለው ምዕራፍ ከአንዲት ቀዳዳ ወደ ሙሉ መስኮት እንሻገራለን፤ ክፍተቱ ሲሰፋ አናቱ ላይ አርኪትሬቭ የሚባል አግዳሚ ተሸካሚ የግድ የሚሆንበትን ምክንያትና አሠራሩን እናያለን።